ፀሐይ ለማያገኝ ቀዝቃዛ ግንብ የሚሆን ሐረግ፦ ከመምረጥ እስከ ማጽደቅ

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታና እንጦጦ ጀርባ ቤት ከሠሩ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ሐረግ ተክዬ ነበር። ክረምቱን እንዴት እንዳማረበት! ኅዳር ላይ ጠቁሮ ሞተ።» ከዚያ ሌላ ይገዛሉ። እሱም ይሞታል።

እኔም ሱሉልታ፣ ከማዕድ ቤቴ ጀርባ ባለው ግንብ ሥር ሁለት ቡገንቪላ ተክዬ ሁለቱንም አጥቻለሁ። ሻጩ «ይቋቋማል» ብሎኝ ነበር። አንድ የኅዳር ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለስልሶ ተንጠልጥሏል። በሳምንቱ ግንዱም ደረቀ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ግንቡን ማጥናት፣ ተክሉን ቀጥሎ መምረጥ ጀመርኩ። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ገንዘባችሁም ልፋታችሁም አይባክንም።

1. ግንቡ ወዴት እንደሚያይ እወቁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። አብዛኛው ኪሳራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ሰሜን የሚያይ የግንብ ፊት ከመስከረም 13 ገደማ እስከ መጋቢት 11 ገደማ ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ አይነካውም። ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም። ውርጭ የሚጥለው ደግሞ በዚሁ ጊዜ መሀል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይም ወደ ሰሜን ተሻግራ ግንቡን የምታገኘው ከሚያዝያ መጀመሪያ በኋላ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል። ሰሜን የሚያይ ግንብ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብደው ለዚህ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የግቢያችሁ ደቡባዊ አጥር ከውስጥ ስታዩት ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። «የደቡብ አጥር ስለሆነ ሙቀት ያገኛል» ብሎ የተከለ ሰው ጥላ ውስጥ ተክሏል ማለት ነው። ጀርባችሁን ለግንቡ ሰጥታችሁ ቁሙ። ፊታችሁ የዞረበት አቅጣጫ የግንቡ አቅጣጫ ነው። ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ ካለ አረጋግጡ።

ምሥራቅ የሚያይ ግንብ ጥላው ከሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ግን ሌሊት በውርጭ በረዶ የሆነ ቅጠል የጠዋት ፀሐይ በድንገት ሲያርፍበት የባሰ ይጎዳል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ቅጠል የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። በዚህ በኩል ሰሜን የሚያየው ግንብ ይሻላል።

ጥላውን ለመለካት በታኅሣሥ አንድ ጥርት ያለ ቀን ምረጡ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ግንብ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ጉድጓዳችሁ እዚያ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

2. ውርጩን፣ ግንቡንና አፈሩን ፈትሹ

ውርጭ። አዲስ አበባ መሀል 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር ተክል ሱሉልታ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ላይኖር ይችላል። ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል። መንገዱ ላይ ድፍን ግንብ ሲያገኝ እዚያው ይተኛል። የጎረቤት ተክል ተርፎ የእናንተው የሚሞተው አንዳንዴ በዚህ ነው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ዝርግ ሳህን ላይ ትንሽ ውኃ አድርጋችሁ ግንቡ ሥር አሳድሩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዩት። ስስ በረዶ ከያዘ፣ ውርጭ የሚችል ሐረግ ብቻ ነው የምትገዙት። በዳገት ላይ ያለ ግቢ ከሆነ በታችኛው ጫፍ ግንቡ ሥር የውኃ መውጫ ቀዳዳ አትድፈኑ። ቀዝቃዛው አየርም በዚያ ይወጣል።

ግንቡ። በጣታችሁ አንጓ ግንቡን እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ይዟል። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ካስተጋባ ልስኑ ለቋል ማለት ነው፤ ሐረግ ሳይነካው መጠገን አለበት። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለም ድፈኑ። በሥሩ የሚለጠፍ ሐረግ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ እየወፈረ ይሰነጥቀዋል። ጤነኛ ግንብ ላይ ግን ያን ያህል ጉዳት የለውም።

የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ተለጣፊ ሐረግ በፍጹም አትትከሉ። እርጥበት ይይዝበታል፣ ስትነቅሉትም ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል።

አፈሩ። ግንብ ሥር ያለው አፈር ብዙ ጊዜ አፈር አይደለም። ግንበኞች የጣሉት የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ አሸዋና የብሎኬት ስባሪ ነው። እሱን አውጥታችሁ ጣሉ። ሱሉልታና ሰንዳፋ በኩል ዋልካ ይበዛል። ዋልካ ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። በማግስቱ ውኃው ወደ መሬት ካልሰረገ ሥሩ በክረምት ታፍኖ ይበሰብሳል። መፍትሔው ደረጃ 5 ላይ አለ።

ቀና ብላችሁም ጣሪያውን እዩ። ክፈፉ ወጣ ያለ ከሆነ ሥሩ በሐምሌ እንኳ ደረቅ ነው። አሸንዳ ከሌለ ደግሞ የጣሪያው ውኃ ቀጥታ ተክሉ ላይ እየወረደ ሥሩን ያጋልጠዋል።

3. ሐረጉን ምረጡ

የጥላ ቦታ ሐረግ ስትመርጡ የምትፈልጉት የደን ዳር ተክል ነው። እንዲህ ያለው ተክል ሥሩ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ አናቱ ወደ ብርሃን መውጣት ለምዷል። አጥራችሁ ላይም ነገሩ እንደዚያው ነው። ሥሩ ጨለማ ውስጥ ነው፣ ጫፉ ከግንቡ በላይ ሲወጣ ፀሐይ ያገኛል።

አይቪ። ሰሜን ለሚያይ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግንብ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይኸው ነው። ከባድ ውርጭ ይችላል፣ ጥላ አይከብደውም፣ ሽቦም አይፈልግም፤ ከግንዱ በሚያወጣው ጥቃቅን ሥር ራሱ ይለጠፋል። ሙሉ አረንጓዴ ቅጠል ያለውን ግዙ። ነጭ ወይም ቢጫ ጠርዝ ያለው ያምራል፤ ግን ጥላ ውስጥ እድገቱ ደካማ ነው፣ ብርድም ቶሎ ይጎዳዋል። ማስጠንቀቂያ፦ ቅጠሉም ፍሬውም መርዝ አለው። በግና ፍየል የሚለቀቅበት ግቢ፣ ወይም ያገኙትን ወደ አፍ የሚከቱ ሕፃናት ባሉበት ቤት አትትከሉት። ፈሳሹ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ።

ጠምበለል። የአገራችን ደጋ ሐረግ ነው፤ ነጭ አበባው ምሽት ላይ ግቢውን በሽታው ይሞላዋል። እየተጠመጠመ ስለሚወጣ ሽቦ ወይም እንጨት ይፈልጋል። ከውስጥ በኩል ጥላ ይችላል፤ አበባ የሚሰጠው ግን ብርሃን ያገኘው ጫፉ ነው። ስለዚህ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ለማይበልጥ አጥር ተስማሚ ነው። ለቤት ከፍተኛ ግድግዳ ከሆነ አበባ ብዙም አትጠብቁ።

የአዞ ሐረግ። ይህም የደጋ ተወላጅ ነው፤ በወንዝ ዳርና በደን ጠርዝ ታዩታላችሁ። ቅጠሉን የሚይዘው ቀጭን ዘንግ ራሱ ሽቦ ላይ ይጠመጠማል። ፈጣን ነው፤ ቆርቆሮ አጥርን ቶሎ መሸፈን ለሚፈልግ ሰው ደስ ይላል። አበባው ሲያልፍ ፍሬው እንደ ላባ ነጭ ፀጉር ያወጣል። ፈሳሹ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ያቆስላልም። ያለ ጓንት አትንኩት።

ጠምበለልም ሆነ የአዞ ሐረግ ስትፈልጉ ከእንጦጦ ደን ነቅላችሁ አታምጡ። ከደን የተነቀለ ትልቅ ተክል አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም፤ ደኑም ይጎዳል። ከጎረቤት አጥር ቅርንጫፍ ለምኑ። መሬት ላይ አጋድማችሁ፣ አንዱን አንጓ አፈር አልብሳችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ሥር ሲያወጣ ቆርጣችሁ ውሰዱ።

ፊከስ ፑሚላ። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንቡ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው ነው። ጥላ ይወዳል፣ ቀላል ውርጭም ይችላል። ለገጣፎና ቡራዩ ላይ የሳህኑ ውኃ ካልረጋ ሞክሩት። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለጋውን በየበጋው ውርጭ ያቃጥለዋል።

የማይሆኑት። ቡገንቪላ የፀሐይና የሙቀት ተክል ነው። ለደቡብና ለምዕራብ ግንብ ተዉት። ፓሽን ፍሩትም ለጥላ አይሆንም፤ ከባድ ውርጭም ይገድለዋል።

4. ችግኙን ስትገዙ

ትልቁን አትምረጡ። ሁለትና ሦስት ለጋ ቅርንጫፍ ከሥሩ ያወጣ፣ ክንድ የሚያህል ችግኝ ይበቃል። ከረጢቱን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ግዙ፤ ቡናማ ሆኖ የሚሸት ከሆነ መልሱት። ከረጢቱ ውስጥ እንደ ገመድ ዙሪያውን የተጠመጠመም አይሁን።

ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ይህ የት ነው ያደገው?» ከቢሾፍቱ የመጣ ችግኝ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ሙቀት ውስጥ ነው ያደገው። ወስዳችሁ በቀጥታ ሱሉልታ አትትከሉት። ሁለት ሳምንት በረንዳ ሥር አቆዩት፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሌሊቶች ቤት አስገቡት፣ ቀን አውጡት።

5. ቦታውን አዘጋጁ (ግንቦት)

መጀመሪያ ሽቦውን፣ ከዚያ ጉድጓዱን። ተክሉ ከገባ በኋላ መሰላል አቁሞ መብሳት ችግኙን መርገጥ ነው።

ለአይቪና ለፊከስ ሽቦ አያስፈልግም። ለሌሎቹ ዝገት የማይበላው ጋልቫናይዝድ ሽቦ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ወጥሩ። የመጀመሪያው መስመር ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሽቦው ከግንቡ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ማለት አለበት፤ ከተጣበቀ ሐረጉ የሚዞርበት ቦታ ያጣል።

*ፊሸሩ (የሽቦውን ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ብሎኬቱ ውስጥ እየዞረ እምቢ ካለ፦* ብሎኬቱ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው። አትታገሉት። ኮለኑ ላይ ወይም በሁለት ብሎኬት መሀል ያለው ሲሚንቶ ላይ ብሱ።

ቆርቆሮ አጥር ከሆነ ሽቦውን ከእንጨት ቋሚው ላይ እሰሩ፣ ቆርቆሮውን አትብሱ። ለጭቃ ቤት ደግሞ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቃችሁ አጣና ተክላችሁ ለብቻው መደገፊያ ሥሩለት።

ከዚያ ቆፍሩ። ከግንቡ 45 ሳንቲ ሜትር ራቁ፤ 50 በ50፣ ጥልቀቱም 50 ይሁን። ፍርፋሪውን ጥላችሁ ከላይኛው አፈር ሁለት እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አንድ እጅ ቀላቅላችሁ መልሱ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፍጉን ስትጨብጡት የበረት ሽታ ካለው ገና ነው። የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል።

*ውኃው ካልሰረገ፦* ጉድጓዱን አታጥልቁ። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ባልዲ ነው፤ የክረምቱን ውኃ ሁሉ ይሰበስባል። ይልቅ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ዙሪያው በድንጋይ የተደገፈ መደብ ሥሩና እላዩ ላይ ትከሉ።

6. ትከሉ (ሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ)

ቀኑን አታሳልፉ። በመስከረም አደይ ሲፈነዳ፣ ግቢው ሲያምር፣ የመትከል ፍላጎት ይመጣል። ያኔ ግን ለውርጩ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም፤ ሥሩ አይደርስም። ከሐምሌ ካለፋችሁ ችግኙን በዕቃው ውስጥ በረንዳ ላይ አቆዩና የዛሬ ዓመት ትከሉት።

ሀ. ችግኙን ከነከረጢቱ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አረፋው እስኪያቆም ንከሩት።

ለ. ከረጢቱን በምላጭ ቀዱት። ጎትታችሁ አታውጡ።

ሐ. አናቱ ወደ ግንቡ እንዲያዘነብል አጋድማችሁ አስቀምጡት። ግንቡ ላይ ለመድረስ ቀጭን ዘንግ ድጋፍ ስጡት።

መ. አፈሩን መልሳችሁ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት። በእግር አትርገጡ።

ሠ. ዝናብ ቢኖርም አንድ ባልዲ ውኃ አጠጡ፤ ሥሩን ከአፈሩ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው።

ረ. በችግኝና በችግኝ መሀል ለአይቪ 1 ሜትር፣ ለጠምበለልና ለአዞ ሐረግ 2 ሜትር ተዉ።

*አይቪው ግንቡን አልይዝም ካለ፦* ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። ከችግኝ ጣቢያ የመጣው አሮጌ ቅርንጫፍ ራሱን አይለጥፍም። የሚለጥፈው ግንቡ አጠገብ አዲስ የሚወጣው ለጋ ነው። ስለዚህ አሮጌውን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ወይም ግንቡ ሥር መሬት ላይ አጋድሙት። አዲሱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። በፕላስተር አትለጥፉ፣ በሚስማርም አትምቱ። ግንቡ በሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ለጋውም ይንሸራተታል፤ ቀለሙን በብረት ብሩሽ ፈግፍጉ፣ አለበለዚያ ወደ ሽቦና ጠምበለል ዙሩ።

7. የመጀመሪያውን ውርጭ አሳልፉት

ከነሐሴ በኋላ ዩሪያ አትስጡ። ያወጣው ለጋ ሁሉ ለውርጭ ነው የሚሄደው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሥሩን በጭድ አልብሱ፤ ውፍረቱ አራት ጣት። ግንዱን ግን አይንካ። ዙሪያውን አንድ መዳፍ ስፋት ባዶ ተዉ፣ አለበለዚያ እርጥበቱ ግንዱን ያበሰብሰዋል፣ አይጥም ይደበቅበታል።

ከጥቅምት እስከ ጥር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ክፈፍ ሥር ላለው ሁለት ጊዜ፣ ረፋድ ላይ አጠጡ። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ደረቅ አፈር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ማታ ቅጠል ላይ አትርጩ። ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ማታ ነፋሱ ጸጥ ካለ ያ ሌሊት ውርጭ አለ። ችግኙን በጆንያ ሸፍኑት፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግለጡት። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያስተላልፋልና አትጠቀሙበት።

*ውርጭ ቀድሟችሁ ቅጠሉ ከጠቆረ፦* መቀስ አታንሱ። የጠቆረው ቅጠል አስቀያሚ ቢሆንም የሥሩን ግንድ ይጋርዳል። ወዲያው ከቆረጣችሁ አዲስ ለጋ ያወጣና የሚቀጥለው ውርጭ ያንንም ይበላዋል። እስከ የካቲት ታገሡ። ከዚያ ግንዱን ከጫፍ ወደ ታች በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ባያችሁበት ቦታ ቁረጡ። እስከ መሬት ቡናማ ከሆነም አትንቀሉት፤ ጠምበለልና የአዞ ሐረግ ከሥር ያቆጠቁጣሉ። ሰኔ እስኪጋመስ ውኃ እየሰጣችሁ ጠብቁት።

8. ከሁለተኛው ዓመት በኋላ

አይቪ በመጀመሪያው ዓመት ከስንዝር ብዙም ላያልፍ ይችላል። አልጸደቀም ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሥር እየሠራ ነው። አንዴ ከያዘ ግን ማስቆሙ ነው ሥራው። በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ ላይ ከጣሪያው ክዳን፣ ከአሸንዳውና ከመብራት ቆጣሪው አንድ ክንድ አርቃችሁ ቁረጡት። ቆርቆሮ ሥር ገብቶ ክዳን ያነሣል፤ አሸንዳ ከደፈነም የክረምቱ ውኃ ግንቡን ይበላዋል። የመብራት ገመድ ላይ የወጣ ሐረግ ካለ ራሳችሁ አትጎትቱት፤ ሥሩን ቁረጡትና ላዩን ባለሙያ ያንሣው።

በበጋ ቅጠሉ ደብዝዞ ነጠብጣብ ካወጣ ገልብጣችሁ እዩ። ስስ ድር ካለው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው፤ ክፈፍ ሥር ያለ ደረቅ ቦታ ይወዳል። ረፋድ ላይ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ በጎማ ውኃ እጠቡት፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ለሦስት ሳምንት። በክረምት ለጋው ተበልቶ ካደረና ግንቡ ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ ቀንድ አውጣ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛችሁ ውጡና ልቀሟቸው። ቀን ቀን የሚደበቁት ጭዱ ሥር ስለሆነ፣ ሰኔ ሲገባ አሮጌውን ጭድ አንሡ፤ አዲሱን መስከረም ላይ ትመልሳላችሁ።